የአያ አረጋ ተጣጣፊ ክንፍ

አያ አረጋ ብራና ፋቂ ነበር። ላሊበላ ብራና ፋቂ ሞልቷል፤ ክንፍ ልሥራ ብሎ የተነሳው ግን እሱ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ጣጣው ሁሉ እኔ ደጃፍ ላይ ነው ያለቀው።

ነገሩን ያመጣው በደርግ ጊዜ በጋ በጋ እንግዳ ጭኖ ሜዳችን ላይ ያርፍ የነበረው አውሮፕላን ነው። አረጋ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ፣ የክንፉ የኋላ ጫፍ ብቻ ዝቅ ከፍ ይላል። አልተዋጠለትም።

«አሞራ እኮ ክንፉን እንዳለ ነው የሚያጎብጠው። ይኼ ምነው እንደ በር በማጠፊያ ይንቀሳቀሳል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ የሚባል ነገር ቀረ፤ በሁለት ሲባጎ ከመሬት ተይዞ በነፋስ የሚነሳ፣ ጠርዙ ሲሳብ ጎብጦ የሚዞር ክንፍ እሠራለሁ አለ። መሪጌታ ጋሻዬ ያዘዙት የዳዊት ብራና ሳይፋቅ ከረመ። ተቆጡ። «እሑድ ክንፍህ እንዳልከው ካልዞረ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ» አሉት። ዳዊቱ ደግሞ የዓመት እንጀራው ነው።

እንግዲህ ብራና ፋቂ ክንፉን በምን ይወጥረው? በብራና! ሸምበቆ ላይ ወጥሮ፣ ሲመቱት ድም እስኪል አደረቀው። ጠርዙን በሲባጎ ስቦ ሊያጎብጠው ሲል ቷ! ብሎ ተሰነጠቀ። ሌላ ወጠረ፤ ያም ተሰነጠቀ። የሙያው ፍቅር ዓይኑን ጋርዶት ነበር።

ሚስቱ ሸጌ ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሰውዬ፣ ለመጻፊያ የደረቀ እንዴት ብሎ ይታጠፍልህ? የሚታጠፈው የለፋ ቆዳ ነው» አለችው።

ዓይኑ ወዲያው የገብስ ስልቻዋ ላይ አረፈ።

«እንዳትነካው!»

ነካው እንጂ! የክንፉን ፊት በብራና፣ የኋላውን በስልቻው ቆዳ ሠራ። ሸጌ አኮረፈች፤ እውነቷን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰበሰብን። ሸጌም ስልቻዋን ልትቀብር መጣች። ነፋሱ ክንፉን አነሳው። አረጋ አንዱን ሲባጎ ሳብ ሲያደርግ የኋላው ጠርዝ ሳይሰነጠቅ ጎበጠ፤ ክንፉም ዞረ። ሌላውን ሲስብ ተመልሶ ዞረ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው አጨበጨቡ። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

ወዲያው ሁለቱም ሲባጎዎች ተበጠሱ። ክንፉ ሸለቆውን ተሻግሮ ከዓይን ጠፋ።

አረጋ ፈራ ተባ እያለ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሸጌ፣ ስልቻሽ...»

አልሰማችውም። «ዞረ እኮ! አያችሁት?» እያለች ትዘላለች።

ቤት እንደደረስን የባቄላውን ስልቻ መሬት ላይ ዘረገፈችና ባዶውን አቀበለችው።

«መጀመሪያ ግን የመሪጌታን ዳዊት ጨርስ» አለችው።