እትዬ ምሕረት ያልቀመሱት ቢራ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ዘለቀ መፍቻ አላስያዙኝም። ነፋስ ስልክ ካለው የቢራ ማከፋፈያ መጋዘን ጓሮ ወሰዱኝና አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ሁለት ብርጭቆ ድራፍት ፊቴ ደረደሩ።

“ቅመስ” አሉኝ።

የመጀመሪያው ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ገና ከምላሴ ሳያልፍ ፊቴ ተጨማደደ። እርጥብ ካርቶን ላይ ኮምጣጤ የፈሰሰበት ይመስላል።

“ይሄኛው የየት ፋብሪካ ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ሁለቱም ካንድ በርሜል ናቸው። ያንደኛው መስመር ትናንት ታጥቧል፤ የሌላኛው ሳይታጠብ ከርሟል። ሥራህ ይሄ ነው” አሉኝና ቱታ አምጥተው ሰጡኝ።

ጋሽ ዘለቀ የድራፍት ቴክኒሺያኖች ፎርማን ነበሩ። ድራፍት ቤት ገብቶ የሚጠጣ ሰው የሚያየው ቧንቧውን ብቻ ነው። ቢራው ግን ከባንኮኒው ሥር ካለው በርሜል ተነሥቶ፣ በጋዝ ተገፍቶ፣ በቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ዞሮ ነው ብርጭቆ ጋ የሚደርሰው። ያን ቱቦ እኛ መስመር እንለዋለን። መስመሩን በኮስቲክ ሶዳ እናጥባለን፤ ሶዳው እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን እናለቀልቃለን፤ በየመጋጠሚያው ያረጀውን የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውን፣ እንቀይራለን፤ የጋዙን ግፊት እናስተካክላለን። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ቀድተን እናሸታለን፣ እንቀምሳለን። “ካልቀመስክ አልጨረስክም” ይሉኝ ነበር ጋሽ ዘለቀ። የሚቀምሱትን ግን አይውጡትም፤ ባልዲ ውስጥ ይተፉታል። በዚህ ሥራ ቆሞ መሄድ የሚቻለው እንደዚያ ነው።

የኔ ቀጠና ከነፋስ ስልክ ተነሥቶ በላፍቶና በለቡ አድርጎ ጀሞ ይደርስ ነበር። የዕቃ ሳጥኔን ፒካፑ ላይ ጭኜ እንደዞርኩ ነው ያረጀሁት።

ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም። “ለመሆኑ የቱ ቢራ ነው ጥሩ?” ይሉኛል። የምወደውን አልደብቅም። ፀሐይ ሲመታኝ ውሎ ከሆነ ቀለል ያለ፣ ገለባ የመሰለ ድራፍት ነው የምፈልገው፤ አረፋው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያለ። ከጥብስ ጋር ከሆነ ጌሾው ጠንከር ያለ፣ መረር የሚል ቢራ እመርጣለሁ፤ ቅባቱን ይቆርጠዋል። በክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጥቁር ቢራ ጥሩ ነው፤ ግን በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ጥቁር ቢራ አትጠጡ፤ የተቆላው ብቅል ጣዕም ይሞትባችኋል።

ጠርሙስ የምትመርጡ ደግሞ የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለውን አትግዙ። ሥጋ ቤት አጠገብ ያለ ድራፍት ቤት በጾም ወራት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የተከፈተ በርሜልም ብዙ ቀን ይቆያል። ያኔ ጠርሙስ ይሻላል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ቤት ውስጥ ይህን ለአንድ ደንበኛ ስነግር የሰማኝ ባለቤት፣ “አንተ ሰውዬ፣ ልታጥብልኝ ነው ወይስ ልታዘጋኝ የመጣኸው?” አለኝ። በማግስቱ ግን በትንሹ በርሜል እንዲመጣለት አዘዘ።

እትዬ ምሕረትን ያወቅኋቸው ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ባለ አንድ ድራፍት ቤት ነው። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፤ ቢራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ድራፍት ቤቱ የባለቤታቸው ነበር። ባለቤታቸው ድንገት ሲሞቱ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆች ቀሩ፤ ቤቱም ለእትዬ ምሕረት ቀረ። የጸሎት ጓደኞቻቸው መጥተው፣ “እህታችን፣ ይሄን ነገር ዝጊው” አሏቸው። እሳቸውም፣ “ልጆቼ ሲጨርሱ እዘጋዋለሁ። እስከዚያ ጸልዩልኝ” ብለው መለሱ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ባንኮኒ እየወለወሉ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መስመሩን አጥቤ፣ ቀምሼ፣ ዕቃዬን ስሰበስብ ጠሩኝ።

“ወንድሜ ሽመልስ፣ ደህና ነው?”

“ደህና ነው እትዬ።”

“ሲበላሽ እኔ በምን ላውቅ? አልቀምሰው።”

“እኔ በየጊዜው እመጣለሁ።”

“አንተ በሌለህበትስ? እኔ ቢራ መሸጤ አንድ ነገር ነው። የተበላሸ መሸጥ ግን ሰው ማታለል ነው። ይሄን ደግሞ አልችለውም።”

በዚህ ሥራ ያለ አፍንጫና ያለ ምላስ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። “ያዩትን ነገር ሁሉ ይንገሩኝ፤ አብረን እናያለን” አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር አይተው ይጠብቁኛል። አንዴ፣ “የብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንደ ብጉር የሚለጠፍ አረፋ አለ፤ ምንድነው?” አሉኝ። ቅባት ነበር፤ ብርጭቆው ከጥብስ ሳህን ጋር ነው የሚታጠበው። ለብርጭቆ ብቻ የሚሆን መታጠቢያ አዘጋጁ። አንዴ ደግሞ፣ “ትንኝ በዚህኛው ቧንቧ ላይ ብቻ ነው የምትሰበሰበው” አሉ። ፈትቼ ሳየው የቧንቧው አፍ ውስጥ ኮምጥጧል። ሌላ ጊዜ ደንበኛ የጠጣበት አንድ ብርጭቆ አነሡና አሳዩኝ። “ሰው በጎነጨ ቁጥር አረፋው ቀለበት እየሠራ ከወረደ፣ ያ ሰው ይደግማል። ቀለበት ከሌለው ከፍሎ ይሄዳል” አሉኝ። እውነት ነበር። ጋሽ ዘለቀም እንዲህ ብለው አላስተማሩኝም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የደንበኛ ፊት የሚያዩበት መንገድ ነው።

“የመጀመሪያውን ጉንጭ አላየውም፤ እሱን የሚጠጣው ጠምቶት ነው። ሁለተኛውን ነው የማየው” አሉኝ።

እንዲህ ስንል ዓመታት ሄዱ። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ወጡ። ፎርማንነቱ ለኔ ተሰጠ።

ከዚያ ታመምኩ። ተራ ጉንፋን መስሎኝ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሽታ ግን አልተመለሰም። ባለቤቴ ሽንኩርት ስትጠብስ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ አይሸተኝም። ቢራ ስቀምስ ቅዝቃዜና ጋዝ ብቻ ነው። የታጠበውንና ያልታጠበውን አስመጥቼ ሞከርኩ። ሁለቱም ውሃ ናቸው።

ለኃላፊያችን በዚያው ሳምንት ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

“ሐኪሙ ምን አለህ?”

“ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል አለኝ።”

“ሽመልስ፣ እውነቱን እንነጋገር። ሳትቀምስ እንዴት አድርገህ ነው መስመር አጥበህ የምታስረክበው? መጋዘን ላዛውርህ፤ በርሜል ትቆጣጠራለህ።”

“ትንሽ ጊዜ ስጠኝ” አልኩት።

“እስከ ክረምቱ መጨረሻ” አለኝ።

በርሜል መቆጣጠር ነውር የለበትም። ግን ከቤት ቤት መዞሩን፣ የየቤቱን ቧንቧ ጠባይ ማወቁን፣ “ሽሜ መጣ” መባሉን ለምጄዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጬ ምግቤን ሳልከፍተው መዋል ጀመርኩ። ቢበላም ያው ነው፤ ጣዕም የለውም።

እትዬ ምሕረት ቤት የሄድኩት ለተራ እጥበት ነው። ጨርሼ ቀዳሁ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና ሳልቀምስ መልሼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። እያዩኝ ነበር።

“ምን ሆነሃል?”

ነገርኳቸው። ስለ መጋዘኑም ነገርኳቸው። አላዘኑልኝም፤ ወይም አላሳዩኝም። ጨርቃቸውን አስቀመጡና ከባንኮኒው ኋላ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

“እኔ በምን ነው እስከ ዛሬ የሠራሁት?” አሉ።

“እርስዎማ…”

“እኔማ ምን? ጭራሽ ቀምሼ አላውቅም። አንተ ቢያንስ ምን እንደምትፈልግ ታውቃለህ። ና ተቀመጥ።”

ያን ከሰዓት ደንበኛ እስኪበዛ ድረስ አስቀምጠው አሳዩኝ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት። አረፋው የሚሞትበትን ፍጥነት መጠበቅ። ቱቦውን በስልክ መብራት ከኋላ አብርቶ ጭጋግ እንዳለው ማየት። ቧንቧው ሲከፈት ድምፁ የሚያስነጥስ ከሆነ ግፊቱ ልክ አይደለም። አብዛኛውን እኔው ነበርኩ በየጊዜው ያስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን አንድ ላይ አድርገው ሥርዓት አበጅተውለታል። እኔ በአፍንጫዬ ተማምኜ ዓይኔን ትቼው ኖሬያለሁ።

“የቀረውን ደግሞ ጠይቅ” አሉኝ። “እያንዳንዱ ቤት የሚቀዳ ሰው አለ። ማን ደገመ፣ ማን ሳይጨርስ ተወ በለው። እነሱ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም እንጂ።”

ያን ክረምት እንደዚያ ሠራሁ። መጀመሪያ ቀጂዎቹ ግር አላቸው። ላፍቶ ያለች አንዲት ቀጂ፣ “ጋሽ ሽመልስ፣ እኔን ነው የሚጠይቁኝ?” አለችኝ። ከዚያ ግን ገና ከፒካፑ ሳልወርድ የሚነግሩኝ ሆኑ። ጥርጣሬ ሲገባኝ ወጣት ባልደረባዬ እንዲቀምስልኝ እለምናለሁ። ክረምቱ አልቆ ኃላፊያችን ሲጠራኝ ፊቱ ላይ ፈገግታ አየሁ።

“ከቀጠናህ ቅሬታ አልመጣም። ሽታው ተመለሰልህ እንዴ?”

“አልተመለሰም።”

ትንሽ አየኝና፣ “ቀጥል እንግዲህ” አለኝ።

ሽታው የተመለሰው በኋላ ነው፣ ቀስ እያለ፣ እየቆራረጠ። መጀመሪያ ሳሙና፤ ከዚያ ናፍጣ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ደረጃ ስወርድ የጎረቤት ሽሮ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ወደቀ ብላ እየሮጠች ወጣች። ስታየኝ ገባት፤ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

የእትዬ ምሕረት ልጆች ትምህርታቸውን ጨረሱ። የመጨረሻዋ ነርስ ሆነች። በሳምንቱ እትዬ ስልክ ደወሉልኝ። “ወንድሜ፣ ማሽኑን አንተው መጥተህ ንቀልልኝ። ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ። ምግብ ቤት ላደርገው ነው” አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ወንበሮቹ ተሰብስበዋል። በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል። ጋዙን ልዘጋ ስል አስቆሙኝና ብርጭቆ አጥበው፣ ራሳቸው ቀዱልኝ። አረፋው ልክ ነበር።

“ተቀመጥና ጠጣ። ዛሬ አትትፋው” አሉ።

ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጎነጨሁ። ሁለተኛውን ስጎነጭ እያዩኝ ነው።

“ምን ምን ይላል?” አሉኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም። ደህና ነው ወይስ ተበላሽቷል ነው የሚሉኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አሰብኩ።

“መጀመሪያ ቅዝቃዜው ነው የሚመጣው። ከዚያ ዳቦ ቤት በር ላይ ሲያልፉ እንደሚሸተው ዓይነት፣ የሞቀ እህል አለ። ጣፋጭ ነገርም አለው፤ ስኳር አይደለም፣ ብቅል ነው። ከዋጡት በኋላ ደግሞ ምላስ ሥር መረር ይላል።”

“ይመራል?”

“ትንሽ። ሌላ ጉንጭ የሚያሰኘው እሱ ነው።”

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፉ።

“ባለቤቴ ከሰዓት ቤቱን ሲከፍት አንድ ብርጭቆ ይዞ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። ገበያተኛ ሳይመጣ፣ ብቻውን። አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም። ምን እንደሚወድለት ጠይቄው አላውቅም” አሉ።

እሳቸው አላለቀሱም።

“ጨርሰው” አሉኝ። ጨረስኩት። ከዚያ ጋዙን ዘጋሁ፤ መስመሩን ፈታሁ፤ ቧንቧውን ነቀልኩ። እትዬ ቧንቧው የነበረበትን ቀዳዳ በጨርቅ ወለወሉት። ማሽኑን አብረን ይዘን ፒካፑ ላይ ጫንነው።

አሁን ምግብ ቤቱ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝበትም። እኔ ጡረታ ልወጣ ነው። ወጣት ቴክኒሺያኖች የሚጠይቁኝ ስለ መፍቻና ስለ ጎሚኒ ነው፤ ደንበኞች የሚጠይቁኝ ስለ ቢራ ስም ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው። ጥሩ ቢራ ማለት መስመሩ በጊዜው የታጠበ፣ የሚቀዳው ሰው የሚጠጣውን ሰው የሚያይበት ቤት ውስጥ ያለ ቢራ ነው። ቤቱን መጀመሪያ ምረጡ፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለ ቤቱ ለማወቅም የሚቀዳውን ሰው ጠይቁ፤ ቢጠጣም ባይጠጣም።