የአባቴ ቮልስና የእጮኛዬ ሱፐር

ቤንዚን ሳላሸት መኪናዬ ውስጥ ጠብታ አላስገባም። ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጡት ጎረምሶች ሁሉ ያውቁኛል። ዛሬ ጠዋትም ማደያው «የለም» ሲለኝ ወደ እነሱ ሄድኩ። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አንዱ፣ «እትዬ፣ ሽቶ መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ይሳቅ። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ምን እንዳደረገኝ እሱ የት ያውቃል!

ልንገራችሁ። አባቴ አሮጌ ቮልስ ነበረችው፤ ሰማያዊ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። ነዳጅ የሚያሳይ ጌጅ የላትም። የፊት ኮፈኗን ከፍቶ፣ ከባሕር ዛፍ የጠረባትን ቀጭን ዘንግ ታንከሯ ውስጥ እየነከረ ነበር የሚለካው። ዘንጓ ላይ በቢላዋ የተሠሩ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ዱራሜ ያደርሳል፣ ከፍ ያለው ደግሞ አድርሶ ይመልሳል። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሽ አውጥቶ ይለቃታል። እናቴ ወንበሩን ጨምድዳ ይዛ «ጌታ ሆይ ጠብቀን» ስትል፣ እሱ «ዝም በይ፣ ቤንዚን እየቆጠብኩ ነው» ይላታል። የሞቀ ዘይትና የአሮጌ ወንበር ሽታዋ፣ ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩን የምትቀሰቅስበት ድምፅዋ፣ አይ ቮልሳችን!

አባቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። ሲያስተምር በአማርኛ፣ መኪናዋን ሲቆጣ በሀዲይኛ። እኔንም አስተምሮኛል፤ ኦክቴንን ያስረዳበት ቀን እስከ ቅንድቡ ጠመኔ ሆኖ እንደነበር ትዝ ይለኛል። «ኦክቴን ጉልበት አይደለም» አለን። «ቤንዚኑ ከሰዓቱ በፊት እንዳይነድ የሚያስችለው ትዕግሥት ነው። እንደኔ ቮልስ ላለች አሮጊት ተራው ቤንዚን ይበቃታል። ሱፐር ብትሰጧት ለእሷ ትርፉ ድካም ነው።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ እጮኛዬ መጣ። የዱራሜ ልጅ፣ ከቤተክርስቲያናችን መዘምራን መሃል ድምፁ ተለይቶ የሚሰማ። እኛ ሀዲያ፣ እሱ ከምባታ፤ በአማርኛ ተዋደድን። ወድጄው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። ሥራው ከማደያ በጀሪካን እየቀዳ ለባጃጆች መሸጥ ነበር። ሽማግሌ ልኮ «እሺ» ከተባለ በኋላ የአባቴን ቮልስ ማጠጣት የእሱ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካን ተሸክሞ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ተራ ቤንዚን አይደለም። ሱፐር ነው፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ። ያረጀ ሞተር የሚፈልገው ይሄንን ነው። እንደውም ይቆጥብልዎታል።»

ሳቄን አፍኜ አባቴን አየሁት። ያንን ትምህርት ይደግምለታል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጀሪካኑን ተቀብሎ «ተባረክ ልጄ» አለና ገለበጠው። በኋላ ስጠይቀው፣ «አማች ያመጣውን እያገላበጡ ማየት ነውር ነው» አለኝ። በኛ ቤት እውነት ነው፤ ቅቤም ይሁን ማር፣ አማች ይዞት የመጣ ነገር እሱ ፊት ተከፍቶ አይታይም። ግን ቤንዚን ቅቤ ነው እንዴ?

ቮልሷ ተለወጠች። ዳገት ላይ ሞተሯ ያንኳኳል፣ ከኋላዋ ትጨሳለች። ደርሶ መልስ የነበረው ምልክት መሄጃ ብቻ ሆነ። እጮኛዬ «ዕድሜዋ ነው» ይላል። አባቴ ዘንጓን አይቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ቦታዋ ይመልሳታል። ለሠርጌ ቀን በእሷ ሊወስደኝ ነበር ሐሳቡ። «አንቺን ዱራሜ ሳታደርስ አትሞትም» ይለኝ ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል እኔ፣ አባቴና እጮኛዬ የእጮኛዬን እናት ልንጠይቅ ወደ ዱራሜ ተነሳን። አንጋጫ ሳንደርስ አንድ ዳገት ላይ ቮልሷን ሳል ሳል አደረጋት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች። ዝናቡ ገና አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር የእንሰቱ ቅጠል ሁሉ ያበራል። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የታንከሩን ክዳን ፈታሁ። የእናቴ የላምባ ምድጃ ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጅነቴን ሙሉ ሻይ ያፈላሁበትን ሽታ ልስተው?

«ይሄ እኮ ላምባ ነው!» አልኩ።

እጮኛዬ አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር። «ሁሉም ሰው ይቀላቅላል እኮ» አለ። ከዚያ የፍቅር ቃል እንደሚነግረኝ ሁሉ እጄን ይዞ፣ «ለናንተ ግን ትንሽ ነው የጨመርኩት» አለኝ። ወይ ጉድ! አስተያይቶ ነው ያታለለን! በዚያ በሚዘምርበት አፉ! ደሜ ፈላ፤ ቀለበቱን አውልቄ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

ወደ አባቴ ዞርኩ። እሱም እንደኔ ይቆጣል፣ በሀዲይኛ ያወርድበታል ብዬ። አባቴ መንገዱን ነው የሚያየው። ያኔ ገባኝ። ዕድሜውን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ሲያሸት የኖረ ሰው!

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጀሪካን ጀምሮ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ካገባሽ በኋላ ይተዋል ብዬ ነው። መኪናዋ ትሙት፣ የልጄ ትዳር ግን አይፍረስ ብዬ።»

እጮኛዬ የበረዘብኝ ቤንዚን ነው። አባቴ ግን እያሸተተ፣ እያወቀ፣ ዝም ብሎ ለአታላይ ሊድረኝ ነበር። የቱ እንደሚያም አትጠይቁኝ። ሁለቱንም እዚያው ዳገት ላይ ትቼ ባገኘሁት ሚኒባስ ተመለስኩ። ሆሳዕና እስክገባ አለቀስኩ፤ ተሳፋሪው ለቅሶ የምሄድ መስሎት ሲያጽናናኝ ነበር።

እጮኛዬ ሌላ አገባ፤ ይቅናው። ቮልሷ ጓሯችን ቆማ ዶሮ ያድርባታል። ከአባቴ ጋር ታርቀናል። ወድጄ ነው የታረቅኩት፤ ማን ከአባቱ ጋር ተኳርፎ ይኖራል?

ዛሬ ጠዋትም ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑን ሐኪም እንዲያይለት ይዤው እየሄድኩ። ጎረምሳው ሲቀልድብኝ ሰምቶ በመስኮቱ እጁን ዘረጋ። «አምጪው፣ እኔ ላሽትልሽ» አለ። ጠርሙሱን ሰጠሁት። እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይቸኩል አሸተተው።

«ንጹህ ነው ልጄ፣ ቅጂው» አለኝ።

አፍንጫው ዛሬም እንደማይሳሳት አውቃለሁ። እጄ ግን ጠርሙሱን ተቀብሎ እንደገና ወደ አፍንጫዬ ወሰደው። አባቴ አየኝ። መስኮቱን ቀስ ብሎ ዘጋ።