ሁለት ነጥብ አምስት ምን?

ሥራ የጀመርኩት ሆሳዕና ውስጥ፣ በአንድ የቧንቧ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ፎርማናችን አቶ ገብሬ መቁረጫውን ሰጡኝና ባለ ሁለት ኢንቹን ቧንቧ በሦስት ሦስት ሜትር እንድቆርጥ አዘዙኝ። ውፍረቱ በኢንች፣ ርዝመቱ በሜትር የሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከተቀጠርክ ገና ሁለት ሰዓትህ ነው አሉኝ። እስከ ምሳ ድረስ ግን ነባሮቹ በቀን የሚቆርጡትን ቆርጬ ነበር።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ አብቅቷል። ከረዳት ቧንቧ ሠራተኝነት ተነስቼ የመስክ ተቆጣጣሪ የሆንኩት በራሴ ንባብ ነው። የውጭ አገር የጉድጓድ ቆፋሪዎች ትተውት የሄዱትን የውሃ ምሕንድስና መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በአራት ዓመት ጨረስኩት። ከሙዱላ እስከ ሆመቾ፣ እኔ ሳልጠራ የተለካ ምንጭ ጥቂት ነው። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

ምንጭ የምንለካው እንዲህ ነው። ቦዩን በላሜራ እንዘጋለን። የላሜራው አናት በቪ ቅርጽ ስለተቆረጠ ውሃው በዚያ ብቻ ያልፋል። ከቪው ጫፍ በላይ ያለውን የውሃ ከፍታ በሜትር እናነባለን። ከፍታውን በራሱ፣ ያንን ደግሞ በከፍታው ስኩዌር ሩት፣ በመጨረሻም በአንድ ቋሚ ቁጥር እናባዛለን። ውጤቱ በሰከንድ የሚፈሰው ሜትር ኩብ ነው። በቢሯችን ቋሚ ቁጥሩ ሁለት ነጥብ አምስት ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ጃጁራ አካባቢ ቢሯችን ቀደም ሲል የለካውን አንድ ምንጭ ከቁፋሮው በፊት ዳግም ልንለካ ሄድን። ቧንቧው ወደ ከተማው የሚወርደው በአንድ መንደር የእንሰት ማሳ በኩል ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች እንሰታቸውን ሊነቅሉ የተስማሙት ሁለት ቦኖ ውሃ ቃል ስለተገባላቸው ነው። ቁፋሮው ሰኞ ሊጀመር ነበር።

ኢንጂነር ትዕግሥት፣ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ዐሥር ሴንቲሜትር አነበበችና በሰከንድ ስምንት ሊትር ገደማ አገኘች። ለከተማውም ለመንደሩም ይበቃል። እኔ ግን ውሃውን ሳየው ዓይኔ አልቀበል አለ። ባለ ሁለት መቶ ሊትር በርሜል አስደቀንኩ። እንደ ሒሳቧ በሃያ አምስት ሰከንድ መሙላት ነበረበት። አርባ ስድስት ፈጀ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው።

"ጋሼ ሀንዲሶ፣ ፎርሙላውማ ልክ ነው" አለች። "ከፍታውንም አብረን ነው ያነበብነው። ቁጥሩ ሁለት ነጥብ አምስት ነው።"

"ሁለት ነጥብ አምስት ምን?"

"ምንም። ኮንስታንት ነዋ።"

እንጨት አንስቼ መሬት ላይ ጻፍኩላት። በግራ በኩል ሜትር ኩብ በሰከንድ አለ። በቀኝ በኩል ሜትር፣ ሜትርና የሜትር ስኩዌር ሩት ብቻ። ቀኙ ሰከንድ የለውም፤ አንድ የሜትር ስኩዌር ሩትም ይጎድለዋል። የጎደለውን ማምጣት ያለበት ቋሚው ቁጥር ነው። ስለዚህ መለኪያው የሜትር ስኩዌር ሩት በሰከንድ ነው። ከየት መጣ ቢሉ፣ የመሬት ስበት በውስጡ ስላለ ነው። ርዝመት ያለበት ቁጥር ደግሞ በጫማ፣ ማለትም በፉት፣ ሲለካ ሌላ፣ በሜትር ሲለካ ሌላ ነው። ሁለት ነጥብ አምስት የጫማ ነው። ወደ ሜትር ስንመልሰው አንድ ነጥብ ሦስት ስምንት ሆነ። በእሱ ስናባዛ በሰከንድ አራት ነጥብ አራት ሊትር ገደማ መጣ። በርሜሉ ልክ ነበር።

ደስ አለኝ። መለኪያውን ትቶ ቁጥሩን ብቻ የገለበጠው ደንቆሮ ማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣች። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነበር፤ ከቆፋሪዎቹ መጽሐፍ የገለበጥኩት።

"የእርስዎ ደብተር ነው፤ ስቀጠር ይህን ያዢ ብለው ሰጡኝ" አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጽሑፍዎ ግን በጣም ግልጽ ነው" አለችኝ።

ትዕግሥት ጨዋ ልጅ ናት። ምንጩ ቀንሷል ብለን ሪፖርት ብናደርግ ማንም እንደማያውቅ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት በዚያው ቁጥር በለካሁት አንድ መንደር ቦኖው በበጋ ሲደርቅ ድርቁን ነበር የወቀስኩት። ያ መንደር ትዝ አለኝ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድን። ውሃው ካልናቸው ከግማሽ ብዙም እንደማይበልጥ፣ ከተማው ከወሰደው ለእነሱ ቦኖ እንደማይተርፍ ነገርኳቸው። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ስህተቱን ያገኘሁትም እኔ ነኝ።"

ትልቁ ሽማግሌ አቶ ላምቤቦ ጥቂት አዩኝ። "የመጀመሪያው ቃል ብቻ ይበቃን ነበር" አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ አቶ ላምቤቦ እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ቆጥረው፣ ውሃ ለማይሰጣቸው ቧንቧ አንድም እንደማይነቅሉ ተናገሩ።

ቧንቧው በመንገዱ ዳር ዞሮ ወረደ። ለመንደሩ ምንጩ አጠገብ አንድ ቦኖ ተሠራ። ከተማው ሌላ ምንጭ ማፈላለግ ነበረበት። የቀሩኝን ወራት በዚያ ቁጥር የለካኋቸውን ምንጮች በበርሜል እንደገና ስለካ አሳለፍኩ። ደብተሬንም አርሜ ለቢሮው ሰጠሁ።

ቋሚ ቁጥር ስትገለብጡ መለኪያውን አብራችሁ ገልብጡ። ካልተጻፈ፣ የፎርሙላውን ግራና ቀኝ አመሳክራችሁ አውጡት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።