ፍቅሬ ያላረመው ዓመት

ፍቅሬ አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ሲደረድር የሚውል ሰው ነው። ሥራውን አይወደውም፣ አይጠላውምም። ጎንደር ሳለ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም፤ እሱም ለማንም አልተናገረም። ቢናገርስ ምን ሊፈይድለት? ካርቶን የጦርነት መንስኤ አይጠየቅም።

ከመምህርነቱ የቀረችለት በቀን አንዲት ሰዓት ነበረች። ከሥራ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ባለው ሦስተኛ ፎቅ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጁ ኖጋ የታሪክ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። የዕለቱን ትምህርት ታነብለታለች፤ የቤት ሥራውን አብረው ይሠራሉ። ዕብራይስጥ አጥርቶ ማንበብን የተማረውም በልጁ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ የኖጋን ስሕተት ያርማል። አንድ ጊዜማ የመጽሐፉን ስሕተት አርሞ፣ የታሪክ አስተማሪዋ ሞራ ሲጋል «አባትሽ ልክ ነው» ብላ ጽፋ ልካለታለች። ያን ቀን ፍቅሬ መጋዘን ውስጥ ሲያፏጭ ዋለ።

ይህች ሰዓት እንዳትነካበት ብቻ ነበር የሚፈልገው። በፈረንጅ 2008፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ተነካችበት። ሞራ ሲጋል ለክፍሉ አንድ ሥራ ሰጠች፤ እያንዳንዱ ተማሪ ታሪክን በዐይኑ ያየ ሰው ጠይቆ ይጻፍ፣ ነጥቡም ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ ይያዛል፣ ጽሑፉ የተመረጠለት ተማሪ ሰውዬውን ክፍል ድረስ አምጥቶ ያስናግራል አለች።

ኖጋ በመጀመሪያ የጠየቀችው አባቷን ነው። ይህን መካድ አይቻልም።

«አባ፣ በ91፣ እኔ አራስ ሳለሁ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገቡ ምን ተሰማህ?» አለችው።

ፍቅሬ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሥቶ ቆመ። «ጻፊ» አላት። «የ1991 ጉዞ ምክንያቶች። ሀ፣ የደርግ መንግሥት መዳከም። ለ፣ ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ መቃረቡ። ሐ…»

ሀገር ቤት መምህር እንዲህ ነበር የሚያስተምረው፤ እሱ ቆሞ ያጽፋል፣ ተማሪው አጎንብሶ ይጽፋል። ዓመቶቹንም ልጁ እንዳትቸገር ብሎ ሁልጊዜ ወደ ፈረንጅ ቁጥር ለውጦ ነው የሚነግራት። እንዲህ አድርጎ ሁለት ገጽ አጻፋት። ኖጋ ገጹን መልሳ መላልሳ አየችው።

«አባ፣ አንተ እዚህ ውስጥ የለህም» አለች።

በማግሥቱ ደብተሯን ይዛ አንደኛ ፎቅ ወረደች፣ ወደ ዋሴ ቤት።

ዋሴ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ነው። ወሬ ሲጀምር ግን የሰማው ሁሉ እሳት ላይ የጣደውን ድስት ይረሳል። ኖጋ ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሦስት ቀን ሙሉ ፍቅሬ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የልጁን ሳቅ በደረጃው በኩል ሰማ።

ቀና። ሌላ ስም የለውም። ዲፕሎማ ያለው ሰው፣ ስሙን መጻፍ በማይችል ሽማግሌ ቀና። ኖጋ እሱን «አንተ» ነው የምትለው፤ እዚህ ያደገች ልጅ አንቱታ ከየት ታመጣለች ብሎ ትቶላት ነበር። ዋሴን ግን በሦስት ቀን ውስጥ «ሳባ ዋሴ» ብላ አያቷ አደረገችው፤ «ይቀጥሉ፣ ከዚያስ ምን አደረጉ?» ማለትንም ተማረች።

«በሱዳን የመጡት ታሪክ አላቸው» ሲል ለሚስቱ ለሐረጓ አማረረ። «እኛ በአውሮፕላን ተጭነን የመጣነው ዕቃ ነን።»

«ማን አትናገር አለህ?» አለች ሐረጓ። «ልጅቱን አስተማርሃት እንጂ መቼ አወራሃት?»

እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደው።

በአራተኛው ቀን ኖጋ የጻፈችውን አምጥታ፣ «አርምልኝ፣ ነገ አስረክባለሁ» አለችው። ፍቅሬ ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ አነበበ። ግሩም ነበር፤ ያበገነውም እሱ ነው። ዋሴ ከብቱን ለጎረቤት ትቶ ከነቤተሰቡ ሲወጣ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጁ በመንገድ ታማ ስትሞትበት፣ በእጁ አፈር ምሶ ሲቀብራት፣ ሁሉም አለ። መጀመሪያው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በሰኔ 76 ከቤታችን ወጣን።»

ፍቅሬ እዚያ ላይ ቆመ። ዋሴ ሰባ ስድስት ያለው በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 84 ይሆናል። ኖጋ ይህን አታውቅም፣ የሰማችውን እንዳለ ጻፈችው። አስተማሪዋ ስታነበው 1976 ነው የምትለው፤ ያኔ የሱዳኑ ጉዞ ገና አልተጀመረም።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ሁለት ነጠላ ሰረዝ አረመና፣ «ደህና ነው» ብሎ መለሰላት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱም በዚህ ተጽናና። እኔ የዋሸሁት ነገር የለም፣ ሽማግሌው ያለው ነው የተጻፈው፣ ያ ሁሉ ዝና ትንሽ ይቀንስ እንጂ ማን ይሞታል፣ አለ በሆዱ። ያልነቀዘ ዝምታ ግን ይህን ያህል ምክንያት አያስደረድርም።

ሞራ ሲጋል በታሪኩ ማማር ተይዛ ነው መሰል ዓመቱን ሳታስተውል መረጠችው። ዋሴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከኖጋ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ፍቅሬ የሆነውን የሰማው ከሰዓት በኋላ፣ ኖጋ እያለቀሰች ለእናቷ ስትነግር ነው። ዋሴ ሲናገር እሷ ወደ ዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ መሐል ላይ ሊአድ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ። «በ76 ወጥተው መቼ ገቡ?» ሲል ጠየቀ። ዋሴ መታወቂያው ላይ ያለውን ያውቃልና፣ «በ85» አለ። «ዘጠኝ ዓመት በእግር?» አለ ልጁ። ክፍሉ ሳቀ። ሞራ ሲጋል ተማሪዎቹን ተቆጥታ፣ በደግነት «ሰው ሲያረጅ ዓመት ይምታታበታል፣ አይዞህ» አለችው። ከሳቁ ይልቅ ደግነቷ ሰበረው። ዋሴ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያውቅም ነበር፤ ታሪኩን ሳይጨርስ ተቀመጠ።

ፍቅሬ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። አላለውም። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ፤ ዋሴ ነው፣ ነጭ ሸሚዙን አላወለቀም።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ አያ ዋሴ» አለ ፍቅሬ።

«አልቀመጥም። አንተ የተማርህ ሰው ነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ልጄን የቀበርሁት በሰባ ስድስት ነው ስል ኖርሁ። ሰኔ በመጣ ቁጥር ተዝካሯን አወጣለሁ። ዛሬ አስተማሪዋ ተምታታብህ አለችኝ። እርግጥ አርጅቻለሁ። የልጄን ዓመት ረስቼው ይሆን?»

ኖጋ ከእናቷ ጎን ቆማ ትሰማለች።

«አልረሱም» አለ ፍቅሬ። «የእርስዎ ሰባ ስድስት በነሱ ሰማንያ አራት ነው። በሰኔ ወጡ፣ በመጋቢት እዚህ ገቡ፤ በነሱ ሰማንያ አምስት ሆነ። ሁለቱም ልክ ነው።»

ዋሴ በረጅሙ ተነፈሰ። እግዜር ይስጥህ ብሎ ሊመለስ ሲል ኖጋ ተናገረች።

«አባ፣ አንተ እኮ አንብበኸዋል። መጽሐፉን እንኳ የምታርም ሰው ይህን እንዴት አላየህም?»

ደክሞኝ ነበር ሊላት ይችል ነበር። መነጽሬን አላደረግሁም ቢላትም ታምነዋለች። ሽማግሌው ግን ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«አይቻለሁ» አለ። «አይቼ ዝም አልሁ። አያ ዋሴ፣ ቀንቼብዎት ነው።»

ዋሴ አልተቆጣም። ነገሩ አልገባውም። ፍቅሬን አየ፣ ዞሮ ኖጋን አየ።

«በምኔ?» አለ። «አንተ እኮ ልጅህን ታቅፈህ ነው የገባኸው።»

ኖጋ የሽማግሌውን ክንድ ይዛ፣ አባቷን ሳታይ፣ ደረጃውን ይዛው ወረደች።