ደብሬ የጠየቀችው የማጥመድ ፈቃድ

ደብሬ ዓሣ ማጥመድ የተማረችው ከአገሯ ርቃ፣ በለስ ወንዝ ዳር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሰቆጣ በታች ካለው ከዝቋላ ወረዳ ተነሥተው መተከል ከሠፈሩት ሰዎች አንዷ ነበረች። እዚያ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ወባ ጨረሰባት። ሐዘን ተቀምጣ ሳለ አንዲት የጉሙዝ ጎረቤቷ፣ ቋንቋዋን እንኳ በቅጡ የማትሰማላት ሴት፣ እጇን ይዛ ወደ ወንዝ ወሰደቻትና የመንጠቆ ክር አስጨበጠቻት። ክሩ ሲወጠር ደብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጆቿን ረሳች። ጥቂት ቆይቶ ሐዘኑ ተመለሰ፤ ማረፍ እንደሚቻል ግን ዐወቀች።

መንግሥት ሲለወጥ አገሯ ገባች። የአባቷ መሬት ለሌላ ተደልድሎ ነበርና በወንድሟ በዘበነ ጓሮ ጎጆ ቀልሳ፣ የሰው ማሽላ እያረመችና ጥቂት ፍየል እያረባች መኖር ጀመረች። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቱ ሲመለስ እሷ መንጠቆዋን በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ተከዜ ትወርዳለች። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል፤ ቆላው ይጠብሳል። ከሾላ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሊጥ መንጠቆው ላይ ትሰካና ትጠብቃለች። ከያዘችው አብዛኛውን መልሳ ትለቃለች፤ አምባዛ ከሆነ ለወንድሟ ቤተሰብ ትወስዳለች። ራሷ አትቀምስም። በመተከል መጨረሻ ላይ ልጆቿን ያበላቻቸው ጎረቤት የሰጣትን ዓሣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዋ አይቀበለውም።

መንደርተኛው አልተዋትም። የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ጻድቅ ወሬው ደርሷቸው አስጠሯት።

«በጊዮርጊስ ቀን ሥራ ትሠሪያለሽ አሉ።»

«ሥራስ አይደለም፣ አባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መቀመጥ ነው» አለች።

አባም «መቀመጥ ከሆነ ተቀመጪ» ብለው ለቀቋት።

ዘጠናዎቹ ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከሚሌኒየሙ በኋላ ከታች የተሠራው የመብራት ኃይል ግድብ ተዘጋና ተከዜ ወደ ኋላ ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። ሾላውንም የምትቀመጥበትን ድንጋይም ውሃ ዋጣቸው። በሐይቁ ዓሣ በዛ፤ የወጣቶች ማኅበራት ተደራጅተው ጀልባና መረብ ተሰጣቸው፤ ነጋዴ በረዶ ጭኖ ከሰቆጣ ይወርድ ጀመር። ደብሬም አዲሱን ዳር ለምዳ መንጠቆዋን ጣለች። አንድ እሑድ ቅጣው የሚባል የሐይቅ ጠባቂ አገኛት።

«እትዬ ደብሬ፣ ፈቃድ አለዎት?»

«የምን ፈቃድ?»

«የማጥመድ። አዋጅ ወጥቷል።»

ክሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳገቱን እስክትጨርስ ጀሪካኗን ተሸክሞ ሸኛት።

በማግሥቱ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ጽጽቃ ወጣች። በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ዓለምብርሃን የሚባል የዓሣ ባለሙያ ወንበር አቀረበላትና ሕጉን በቀስታ አስረዳት። ዓሣ በሚራባበት ክረምት ማጥመድ ክልክል ነው፤ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ግልገሉን ስለሚጨርስ አይፈቀድም፤ ያልደረሰ ዓሣ ከተያዘ ወደ ውሃ ይመለሳል። ደብሬ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እሷም ትናንሾቹን ስትመልስ ነው የኖረችው።

«ፈቃዱስ?» አለች።

«የሚሸጥ ሰው በማኅበር ታቅፎ ያወጣል። ለቤቱ ምግብ በመንጠቆ የሚይዝ ደግሞ አንድ ወረቀት ከእኛ ከያዘ ይበቃዋል። እርስዎ የሚይዙት ለምግብ ነው?»

«አይ ልጄ፣ እኔ ዓሣ አልበላም።»

«ይሸጣሉ?»

«አልሸጥም።»

ዓለምብርሃን አማርኛው ያላግባባቸው መስሎት ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና ዞረ፤ ለምን እንደምታጠምድ ጠየቃት። ደብሬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ በዚያው ቋንቋ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው አለችው።

አልሳቀባትም። «ለመዝናናት የሚባል ፈቃድ አለ» አላት። «እንዴት እንደሚሰጥ የሚናገረው መመሪያ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። እናቴ፣ ለምግብ ነው ይበሉኝና እዚሁ እንጨርሰው።»

ደብሬ መሬት መሬቱን አየች። መዋሸት ብቻ አልነበረም የከበዳት። ዓሣ እበላለሁ ብላ ማስጻፍ፣ ልጆቿ ከሞቱ በኋላ እንደገና ከዚያ ማዕድ መቅረብ መሰላት።

«እሱን ከአፌ አላወጣውም» አለችው።

እሱም አላስገደዳትም፤ ሰቆጣ ወጥታ ዞኑን እንድትጠይቅ መከራት።

ሰቆጣ መሄድ ማለት ረጅም እግር መንገድ፣ ከዚያም የጭነት መኪና ልመና ነው። የዞኑ ሰው መመሪያው ከክልል ስለሚመጣ ከክረምት በኋላ ተመለሺ አላት። ተመለሰች። ሰውየው ተዛውሮ ነበር፤ በቦታው የተተካው ደግሞ ጥያቄዋን ሰምቶ «ይኼ እኮ ለቱሪስት ነው» አላት። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ከሩቅ አገር ለሚመጣ እንግዳ ማለት ነው ብሎ አስረዳትና ያለ ወረቀት መለሳት።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ቀን አላጠመደችም። የወንድሟ ሚስት ዝናሽ «ማን ያይሻል? ሌላ ክር ገዝተሽ ጣይ» ብትላት፣ «ተሰርቆ ደስ አይልም» አለቻት።

በቀጣዩ ክረምት፣ ማጥመድ በተከለከለበት ወር፣ ጽጽቃ ገበያ ላይ ጣት የምታህል ግልገል ዓሣ ደርቃ ተከምራ ስትሸጥ አየች። ከማኅበራቱ መረብ የወጣ ነበር። ወደ ዓለምብርሃን ሄዳ ነገረችው።

«አይቻለሁ» አላት። ወደ ወረቀቶቹም ተመለሰ።

«ሕጉ ለይስሙላ ከሆነ፣ እንግዲያው የኔንም ለምግብ በልና ጻፈው» አለችው ደብሬ።

ጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ ቦታ እንዲያሳዩዋት ቀበሌ ስትደርስ ሊቀ መንበሩ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። በነሱ በኩል ያለው ዳር በሙሉ ለማኅበራት ተከፋፍሏል፤ ለቤት ምግብ የሚያጠምዱ ሰዎች የተመደበላቸው ቦታ ከተራራው ማዶ ነው፤ ለጤነኛ እግር እንኳ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። የደብሬ ጉልበት ደግሞ ያን ጊዜ በምርኩዝ ነበር።

«ውሸቱን ተናግሬ ባዶ እጄን ቀረሁ» አለቻት ለዝናሽ። ስለ ፈቃዱ ስታወራ ያ የመጨረሻዋ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ መንጠቆ፣ ሐይቁ ዳር ወርዳ ተቀመጠች። እጇ የሚይዘው አጣ። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ተመለሰች፤ ዳገቱ ላይም ብዙ ጊዜ ዐረፈች።

አሁን የበዓል ቀን ሲመጣ ከጎጆዋ አትወጣም። ጎረቤት ጠላ ጠምቆ ሲጠራት ትሄድና ወሬው መሐል ተነሥታ ትመጣለች። ፍየሎቿን ለዘበነ ሰጥታዋለች። እሱ ታማለች ብሎ በበቅሎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ደሟን አዩ፤ ወባ የለባትም። ልቧንም አዳመጡ። ምንም አላገኘንባትም ብለው መለሷት።