ሦስት ወር ቀድሞ የተገዛ ምሽት

መካነ ሰላም ውስጥ ሦስት ወር ቀድሞ ቀን የሚቆረጥለት ነገር ሠርግ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሽራዋ ካልኮበለለች። ሌላው ሁሉ «ኢንሻአላህ» ነው። ደሴ የሚወርድ ሰው እንኳ መናኸሪያ ቆሞ ነው የሚወስነው። አውቶቡሱ ከሞላ ይሄዳል፤ ካልሞላ «አላህ አላለውም» ብሎ ቤቱ ተመልሶ ምሳው ላይ ይደርሳል። እንዲህ ካለ አገር በቅዬ፣ ገና በጥቅምት ቁጭ ብዬ፣ ለጥር ምሽት፣ ያውም ባሕር ማዶ፣ ያውም ለኦፔራ፣ ሁለት ወንበር አስያዝኩ ብል ማን ያምነኛል? እኔን የሚያውቅ ሰው በደህናውም ጊዜ ወሬዬን ግማሽ ቀንሶ ነው የሚሰማው። ይሄኛውን ግን ሳትቀንሱ ስሙኝ።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው። ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። «ለሁለት ዓመት ነው» ብላ ነበር የሄደችው። ሁለቱ ዓመት እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ እኔ ጸጉሬ ሸበተ፣ እሷ አልመጣችም። የላከችው ገንዘብ ግን መጥቶ ቤት ሆኖ ቆመ። ከክፍሎቹ አንዱ የእሷ ነው። አልጋው ከደሴ በጭነት መኪና ሲመጣ የተጠቀለለበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተቀደደም፤ እናቴ «ባለቤቷ መጥታ ትቅደደው» ትላለች። እንግዳ ቢበዛ መሬት ላይ ይነጠፍለታል እንጂ እዚያ አይተኛም። አንዳንድ ጠዋት እናቴ ገብታ አቧራውን ስትጠርግ ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ያኔ እኔም ቀልድ አይመጣልኝም።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በወሎ ቦረና ደጋ ምላሱን ያላየሁት በግ የለም። የገበሬዎቻችን ማኅበር የበግ ሥጋ ወደ ዓረብ አገር ሊልክ አስቦ፣ ዱባይ ለሚካሄድ ዐውደ ርእይ ቋንቋ የሚችል ሰው ሲፈለግ እኔ ተመረጥኩ። ቋንቋ የምችለው ከበጎቹ ጋር መሆኑን ለኮሚቴው አልነገርኩም።

ለእህቴ ደውዬ «ልመጣ ነው» አልኳት። ወዲያው፦

«ወንድም ጋሼ፣ ኦፔራ እንግባ» አለችኝ።

«ምን እንግባ?»

«ኦፔራ። በዘፈን ታሪክ የሚነገርበት ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ የእመቤቴን ልጆች ይዤ ፊት ለፊቱ ውሃው ዳር እቀመጣለሁ። ሰው አምሮበት ሲገባ አያለሁ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ እየሣቀ ይወጣል። ውስጥ ምን እንደሚያደርጓቸው አላውቅም። አንድ ቀን ከራሴ ሰው ጋር በፊት በር ልግባ።»

«ምግብ ቤት ብንቀመጥ አይሻልም? እናወራለን።»

«እመቤቴን ምግብ ቤት ብዬ ብጠይቃት አትለቀኝም፤ ጥር እንግዳ የሚበዛበት ወር ነው። ትኬት ካሳየኋት ግን አንድ ምሽት ትሰጠኛለች፣ ቃል ገብታለች። ደግሞ እስቲ አስበው፤ አንተ ጎን ተቀምጬ፣ በጨለማ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ‹አንቺ!› ብሎ ሳይጠራኝ! ትኬቱ ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ አሁን ካልተገዛ የለም።»

እንግዲህ ጉዳዩ ይኼ ነበር፤ አንድ ምሽት፣ ጎን ለጎን።

የግዢው ዕለት ቤታችን እንደ ሽምግልና ዕለት ሞላ። እህቴ በስልኩ መስታወት ውስጥ ናት። አጠገቧ ጓደኛዋ አለች፤ ፀጉር ቤት የምትሠራ የባቲ ልጅ ስትሆን የባንክ ካርድ ያላት እሷ ናት። የአዳራሹን ሥዕል ላከችልን፤ ወንበሩ ሁሉ ትንንሽ ክብ ሆኖ ተደርድሯል፣ ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ ሰማያዊ። የተመረጠ ወንበር የሚጠብቀው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ «ቶሎ ምረጡ» አለችን። ልክ በዚህ መሐል ቁርኣን የሚያስቀሩት መምህሩ አጎታችን ከመግሪብ ሶላት መጡ። ጉዳዩን አስረዳናቸው።

«ለጥር?» አሉ። «እስከ ጥር እንደምትኖር ማን ዋስ ሆነህ?»

«ብሞት ወንበሩን ለአንቱ አወርሳለሁ፣ አጎቴ።»

«እኔማ ካንተ ቀድሜ ነው የምሄደው። ደግሞ እዚያ ስደርስ ‹ወንበርህ ዱባይ ነው› ልባል ነው? ለመሆኑ ይሄ ኦፔራ የምትሉት ምንድን ነው?»

«እንደ መንዙማ ነው» አልኳቸው። «አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ብቻ ድቤ የለውም፤ ጨዋታውም የዱንያ ነው።»

«ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው?»

እናቴ እኔን አየች፣ እኔ ግድግዳውን። ከስልኩ ውስጥ የባቲዋ ልጅ «ኧረ ፍጠኑ! ሰዓቱ እየቆጠረ ነው!» ትላለች። አጎቴ ስልኩን ተቀበሉኝ፣ እጀታው በክር የታሰረ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የረመዳንን ጨረቃ እንደሚፈልግ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ሥዕሉን መረመሩት።

«ሱብሓነላህ!» አሉ በመጨረሻ። «ሥርዓት አላቸው እኮ! ይኸው፣ ሮዙ የሴት፣ ሰማያዊው የወንድ። እንደኛ የመንዙማ ሐድራ ነው፤ መሐል የሚጋረደውን መጋረጃ ብቻ ነው የተዉት።»

ይሄን ሲሉ ከደረቴ ላይ ቋጥኝ ነው የወረደው። የመፍቀዳቸው ደስታ ማሰቢያ ጊዜ አልሰጠኝም። እህቴም «እውነት ሳይሆን አይቀርም» አለች። «ባቡሩም ላይ የሴቶቹን ቦታ በሮዝ መስመር ነው የሚለዩት።» ፊቷ ሲጠወልግ በዚያች ጠባብ መስታወት እንኳ ታየኝ። «ይሁን እስቲ» አለች፣ «ማዶ ለማዶ እንተያያለን።»

«አብሽሪ!» አልኳት። «በሠርግ ዳስም እንዲያው አይደል የምንቀመጠው?»

ለእሷ አንድ ሮዝ፣ ለእኔ አንድ ሰማያዊ ተገዛ፤ ሂሳቡ በአንድ ድምር መጣ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለወንበር ዱዓ ሲደረግ ከዓለም የመጀመሪያው መሆን አለበት። «ሁለቱን ወንበሮች ከክፉ ይጠብቃቸው» አሉ፤ ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሦስት ወር ምን ልበላችሁ። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሳምንታት ይጠፋል፣ መንገዱም አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል። ኔትወርክ ሲመጣ የእህቴ የድምፅ መልእክት እንደ ክረምት ጎርፍ በአንዴ ይወርዳል። ግን መልእክቶቿ እየተቆረጡ ነበር። አንድ ነገር ትጀምርና መሐል ላይ «ቆይ፣ ይሄን ለኦፔራው አቆየዋለሁ፤ መሐል ላይ ዕረፍት አለው አሉ» ትላለች። እኔም ለመድኩት። የልጅነት ጓደኛዋ ከባሏ መለየቷን፣ የአባታችን መቃብር አጠገብ ጥድ መትከላችንን፣ እናቴ ቀን ቀን ብቻዋን ማውራት መጀመሯን፤ ሁሉንም ለኦፔራው አቆየሁት። በልቤ የተከማቸው ወሬ በአይሱዙ አይጫንም ነበር።

ጥር ደረሰ፣ እኔም ደረስኩ። ዐውደ ርእዩን በሁለት ቃል ልጨርሰው፤ በጎቻችን ተደነቁ። ምሽቱ ሲመጣ ከደሴ የተገዛ ኮት ለብሼ፣ እናቴ የላከችውን የገብስ በሶና በርበሬ በትልቅ ሻንጣ ይዤ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ስልኬ ከሆቴሉ ውጭ ስለማይሠራ መደወል አልችልም። ዘበኛው ሻንጣዬን ከፍቶ አሸተተና አስነጠሰ፤ ከዚያ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል አስገቡልኝና ቁጥር ሰጡኝ። የቀረው ሰው ሁሉ ገባ። እሷ የለችም።

ደወሉ ሲደወል በሩጫ መጣች። እመቤቷ ድንገተኛ እንግዳ መጥቶባት ነበር። ያቺ መቃ የምታክል ልጅ ሰፍታለች፤ ሽቶዋን አላውቀውም፤ ስታቅፈኝ ግን አስተቃቀፏን አወቅሁት፤ አገጯን ትከሻዬ ላይ ትተክላለች። «ጋሼ፣ ሸበትክ!» አለች። «ዱቄት ነው፣ የእናትሽ በሶ ነው» አልኳት። የሣቀችው ሣቅ ሳያልቅ አስተናጋጇ ትኬታችንን አይታ እሷን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ እኔን ወደ ታች ላከችን።

ገብቼ ስቀመጥ በቀኜ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። በግራዬ አንድ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር። ከፊቴ ወንድና ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አስተናጋጇን በምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቅኳት። ቀለሙ የዋጋ ነው አለችኝ። ሰማያዊው ውድ፣ ሮዙ ርካሽ። መቀየር ይቻላል ወይ ብላት አዳራሹን በእጇ አሳየችኝ፤ ባዶ ወንበር የለም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል በሥርዓት የተለያየን ወንድና ሴት እኔና እህቴ ብቻ ነበርን።

አንገቴን ዞር ሳደርግ አገኘኋት። በላይኛው ፎቅ፣ ከመደገፊያው ብረት ኋላ፣ አንዲት ብርቱካንማ ሻሽ። መብራቱ ጠፋ፣ ዘፈኑ ተጀመረ። መድረኩ ላይ ምን እንደተደረገ ከእኔ አትጠይቁ፤ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰውዬ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቆይተው ግን የማየውን ለማየት እሳቸውም ዞሩ። እህቴ፣ የመድረኩ ብርሃን ደርሷት፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ተዘንብላለች። ከመድረኩ በላይ የዘፈኑ ትርጉም በዓረብኛ ይጻፋል፤ አጎቴ በአለንጋ ቁርኣን ያስቀሯት ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች።

ዕረፍት ሲሆን ዘልዬ ተነሣሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁት፤ የእኔ ነገር ነውና አራት አራቱን ብል ደስ ይለኝ ነበር። ላይ ስደርስ ወንበሯ ባዶ ነው። በመደገፊያው ብረት ላይ ወደ ታች ባይ እሷ የእኔ ባዶ ወንበር አጠገብ ቆማ ዙሪያዋን ትቃኛለች። እኔ በደረጃ ስወጣ እሷ በአሳንሰር ወርዳለች። የእኔ ድምፅ ከአጅባር ገበያ ማዶ የሚሰማ ነው። «አንቺ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ‹ማንም አንቺ ብሎ ሳይጠራኝ› ያለችው ትዝ አለኝና ዋጥኩት። እጄን ብቻ ሳውለበልብ ቆየሁ። ቀና ብላ ስታየኝ አፏን በእጇ ይዛ ሣቀች። «ቆይ፣ እኔ ልምጣ» አለችኝ በምልክት፤ እኔም «ቆይ፣ እኔ ልምጣ»። ሁለታችንም ቆየን፣ ከዚያ ሁለታችንም ተነሣን። ደወሉ ተደወለ።

በሁለተኛው ክፍል አለቀሰች። ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ ደግሞ ንባቡ እንዳያመልጣት ቶሎ ቀና አለች። ያን ጊዜ የቀናሁት በዘፋኞቹ ነው፤ እህቴ እኔን ረስታኝ ነበር።

ሲያልቅ በር ላይ ተገናኘን፤ ግን ሻንጣው ለካ ወረፋ አለው! ወረፋው መካነ ሰላም ደርሶ ይመለሳል። ሻንጣውን ይዤ ስወጣ የእመቤቷ ሹፌር መኪናውን አስነሥቶ ክላክስ ያደርጋል። እህቴ በአንድ እግሯ መኪና ውስጥ፣ በአንድ እግሯ እኔ ዘንድ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዘፋኟ ሴትዮ ስትሞት አየሃት?»

«አየኋት» አልኳት። ማንም ሲሞት አላየሁም።

«ሁሉንም አነበብኩት» አለች። ፊቷ ያበራ ነበር። «አንድም ቃል አላመለጠኝም።»

በሶውን በመስኮት ሰጠኋት። መኪናው ሄደ። ለኦፔራው ያቆየሁት ወሬ ሁሉ እንዳለ ይዤው ተመለስኩ።

አገር ቤት ስደርስ እናቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የያዘችኝ። «ከሳች? ወፈረች?» እሱን በደንብ መለስኩ፤ እንደ እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ እህቱን ብቻ ያየ ሰው የለምና። እጇን እንዴት እንደምታደርግ፣ ስታለቅስ የትኛው ዓይኗ እንደሚቀድም ነገርኳት። «እሺ፣ ምን አወራችሁ?» አለች። ምን ልበላት? ፈጠርኩ። ፈጠራ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም። «መቼ ነው የምትመጪው» ብዬ እንደጠየቅኋት፣ ስለ አባታችን ጥድ ስነግራት ቁመቱን እንደጠየቀችኝ፣ ሰው እስኪቆጣን ድረስ እንደተንሾካሾክን ነገርኳት። እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ፤ ለአንዴ እንኳ ግማሽ አልቀነሰችም።

በሳምንቱ እህቴ ደወለች። ሳላስጠነቅቃት እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ያን ዕለት ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስታወሩ አመሻችሁ አሉ። ስለ አባትሽ ጥድ አጫውቶሻል፣ እውነት ነው?»

እኔም የምገባበት ጠፋኝ።

«እውነት ነው፣ እማ» አለች እህቴ። «ግን አንዱን ደብቆሻል። የጥዱን ነገር ሲነግረኝ እንደ ሕፃን ማልቀሱን አልነገረሽም?»

«ውሸታም!» አልኳት ከእናቴ ትከሻ በላይ።

«አላለቀስክም? ያ በግራህ የነበረው ሽማግሌ መሐረብ አልሰጠህም?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

«ሰጥተውኛል» አልኩ። «ከዚያስ ምን አልኩሽ?»

«ከዚያማ...» አለች እህቴ፤ እናቴ ስልኩን በእኔና በራሷ መሐል አድርጋ ልትሰማን ተቀመጠች።