ያልጸዳው ቱቦ

ሾፌሮቹ «ወይዘሮ አይሆንም» ይሏታል። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ወረፋ ላይ ቆመው መስታወት ዝቅ አድርገው እርስ በርሳቸው ነው። «ዛሬ የጭሱ መስመር ላይ ማን አለ?» ይላል አንዱ። «ወይዘሮ አይሆንም ናት።» «በቃ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ።» አንድ ቀልደኛማ፣ መኪናው ሽቶ ቢተነፍስ እንኳ «የምን ሽቶ ነው?» ብላ ትጥለዋለች ብሎ ግቢውን በሳቅ አፍርሶታል። እሷም ሰምታለች። እንዳልሰማች ሆና አለፈች እንጂ፣ ቤቷ ገብታ ለባሏ ስታወራለት ደስ እያላት ነበር።

እንዲህ የሆነችው በከንቱ አይደለም። አባቷ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እሺ ባይ፣ ሰው ማሳፈር የማይሆንላቸው። አንድ ቀን ወዳጃቸው ያመጣላቸውን ወረቀት ሳያነቡ ፈረሙ። በዚያች ፊርማ ከሥራ ተባረሩና የሰፈሩን ሰው ቀና ብለው ሳያዩ አረጁ። ልጅቷ ይህን እያየች አደገች። የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ስትቀጠር፣ ዓይኔ ያላየውን እጄ አይፈርምም ብላ ለራሷ ማለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መሐላዋን ጠበቀች። የባሏን ወንድም ሚኒባስ ጥላ ዘመድ አዝማዱ ዓመት ሙሉ ሲያኮርፋት እንኳ ቅንድቧ አልተነቃነቀም።

ሥራዋ ለሚያየው ቀላል ነው። መኪናው ይገባል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ከዚያ የአንድ ረጅም ቀጭን ቱቦ ጫፍ ከጭስ መውጫው፣ ከማርሚታው ውስጥ ይሰካል። ቱቦው ጭሱን እየሳበ ለማሽኑ ያቀብላል። ማሽኑ ደግሞ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ በቁጥር ይናገራል፤ ካርቦኑ ይህን ያህል፣ ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ ይህን ያህል እያለ። ቁጥሩ ከልኩ ካለፈ መኪናው ወደቀ ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ነው። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ከሥራ ውጪ ስለነበር ወረፋው ከግቢው በር ወጥቶ መንገዱን ይዞታል። ረፋዱ ላይ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገባ። ዘይት የሚጠጣ ሞተር ነው፤ ገና ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ጣሪያው ሥር ተንጠለጠለ። ጣለችው። ባለቤቱም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሳይከራከር ሄደ።

እንዲህ ያለ መኪና ከተመረመረ በኋላ ደንብ አለ። ቱቦው ውስጥ ዘይትና ነዳጅ ተለጥፎ ስለሚቀር ተነቅሎ በንጹሕ አየር ይነፋል፣ ትንሿ ማጣሪያ ትቀየራለች፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ እስኪወርድም ይጠበቃል። አሥር ደቂቃ ነው፤ ግፋ ቢል አሥራ አምስት። ይህ ካልተደረገ የፊተኛው መኪና ኃጢአት በኋለኛው ይቆጠራል። ለአዳዲስ ሠራተኞች ይህን የምታስተምረው ራሷ ናት። የዚያን ዕለት ግን ከውጭ የክላክሱ ጩኸት ጆሮ ይበሳል፤ ሰው ከመኪናው እየወረደ ሰዓቱን ያያል። የቱቦውን ጫፍ በጨርቅ ጠረግ አደረገችና «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ያዘዛት ሰው አልነበረም።

ቀጣዩ ታክሲ ነበር። ባለ ታክሲው ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ታጥባ ተወልውላለች።

«ልጄ፣ የዛሬዋ ሙሽራ ናት» አሉ ኮፈኗን መታ መታ እያደረጉ። «ትናንት ነው ከጋራዥ የወጣችው። ካንዴላው አዲስ፣ የአየር ፊልትሮው አዲስ። ጭሱን ወደ ሞተር የምትመልሰዋ ቫልቭ እንኳ ሳትቀር ተፈትታ ታጥባለች።»

«እናያለን ጋሼ።»

ቁጥሩ ወጣ። ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ ከልኩ እጥፍ ነበር።

«ወድቃለች» አለች።

«ምን? የማይሆን ነገር! እባክሽ ልጄ፣ አንዴ ድገሚልኝ።»

ይህ ልመና ለእሷ አዲስ አይደለም። የወደቀ ሁሉ «ድገሚልኝ» ይላል።

«ማሽን አይዋሽም ጋሼ» አለች ማኅተሙን እየመታች። «ወይ መካኒክዎ ሥራውን አይችልም፣ ወይ ሳይሠራ ሠርቻለሁ ብሎ አታልሎዎታል። እሱን ይጠይቁ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው ወጥተው ሄዱ።

ለምሳ ሲዘጋ ቱቦውን ልታጸዳ ነቀለችው። ማጣሪያዋን አውጥታ ስታይ ክው አለች። ማጣሪያዋ በዘይት ርሳ እንደ ጥላሸት ጠቁራለች። ማሽኑን ቀና ብላ አየችው። ከምንም መኪና ጋር ሳይያያዝ፣ ባዶ አየር እየሳበ፣ ቁጥሩ ከልኩ በላይ ተሰቅሏል። ከፒክአፑ በኋላ ሦስት መኪና ጥላ ነበር።

ማድረግ ያለባትን አላጣችውም። የሦስቱን ሰሌዳ መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ለአለቃዋ መንገር፣ ባለቤቶቹን ማስጠራት ነው። ያደረገችው ግን ሌላ ነው። ቱቦውን ነፋች፣ አዲስ ማጣሪያ ከተተች፣ አሮጌዋን በጋዜጣ ጠቅልላ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሥር ቀበረቻት። ሦስቱም ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያልፋሉ፣ ምን ጎደለባቸው ብላ ራሷን አጽናናች። እውነትም ሁለቱ በዚያው ሳምንት መጥተው አለፉ። ታክሲዋ ግን የውሃ ሽታ ሆነች።

በሦስተኛው ሳምንት ታክሲዋ ወረፋ ላይ ታየች። ተራዋ ሲደርስ መርማሪዋ ቱቦውን ሁለት ጊዜ ነፋችው። ቁጥሩ ከአዲስ መኪና የማይተናነስ ሆኖ ወጣ።

«አልፈዋል ጋሼ» አለች እፎይ ብላ።

ሽማግሌው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እግዜር ይባርክሽ ልጄ። አንቺ ባትኖሪ ዓይኔ አይገለጥም ነበር።»

«እንዴት?»

«መካኒኩ ማን መሰለሽ? የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው! ሠላሳ ዓመት ከእሱ በቀር መኪናዬን የነካ ሰው የለም። አንቺ የነገርሽኝን ስነግረው ሦስት ጊዜ ከፍቶ አያት፤ ሦስቴም ‹ምንም የለባትም› አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በሠራተኞቹ ፊት ሌባ አልኩታ! ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም፣ ሚስቴንም እንዳትሄድ ከልክያታለሁ። ይኸው ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ካንዴላ ቀየሩላት፣ አለፈች። በዝምድና ስም ሲበላኝ ኖሯል ለካ!»

አሁን መናገር ነበረባት። አፏንም ከፍታ ነበር። የወጣው ግን «ምንም አይደል ጋሼ» የሚል ብቻ ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ያ «ምንም አይደል» ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ሾፌር ቀና ብሎ ሲያያት የሚያውቅባት ይመስላታል። እራት ላይ ባሏ «ምን ሆነሻል?» ቢላት «ራሴን አሞኝ ነው» አለችው። በትዳር ዘመናቸው ዋሽታው የማታውቅ ሴት ዋሸችው፤ ከዚያ «ምንም አይደል» ቀጥሎ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ውሸቷ ነበር። ሦስት መኪና ብቻ የጣለች መስሏት ነበር፤ ለካ የጣለችው ሰው ነው።

ቅዳሜ ጋራዡን አፈላልጋ ሄደች። ሰፊ ግቢ ነው፤ መሬቱ በዘይት ጠቁሯል፣ ዕቃው ግን እያንዳንዱ በቦታው ተሰቅሏል። መካኒኩ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ ብለው ከአንዲት ቫልቭ ጥቀርሻ ይፈቀፍቃሉ፤ ያውም በእንጨት ስንጣሪ። ብረቱን እንዳይጭሩት መሆኑ ገባት። አታላይ እንዲህ አይፈቀፍቅም። መስኮቱ ላይ አራት ካንዴላዎች ተሰልፈዋል።

«የጭሱ መርማሪ ነኝ» አለች። «የአማችዎን ታክሲ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ስንጣሪውን አስቀመጡ። «ጥሩ መጣሽልኝ» አሉ። «እነዚያን ካንዴላዎች ታያቸዋለሽ? ከታክሲዋ ያወጣኋቸው አሮጌዎቹ ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እያነሳሁ አያቸዋለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ። ሌባስ አይደለሁም፤ ግን አርጅቼ ይሆናል፣ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል እያልኩ የጭስ ሥራ መቀበል ትቻለሁ። ይህቺ ቫልቭም ከዚያ በፊት የተቀበልኳት ናት፣ ልጨርሳት ብዬ ነው።»

ወንበር ቢያቀርቡላትም መቀመጥ አፈረች። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፒክአፑን፣ ወረፋውን፣ በጨርቅ ጠረግ ያደረገችውን ቱቦ፣ በጋዜጣ የጠቀለለቻትን ማጣሪያ።

መካኒኩ ቫልቯን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ፦ «ማጣሪያዋ ጥቁር ነበረች ወይስ ቡናማ?»

«ጥቁር። ረጥባለች።»

«አዎ» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ዕለት፣ ለምሳ።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት ምን ትሠሪ ነበር?»

«አፍሬ ነው ጋሼ።»

«ማፈርስ ጥሩ ነበር ልጄ። ግን አንቺ አፈርሽ፣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።»

እንባዋ እንዳይታይ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እዚያም ካንዴላዎቹ ጠበቋት። እሳቸው እንባዋንም ሆነ የችኮላ ይቅርታዋን እንዳልፈለጉ ያስታውቃሉ።

«ለእሳቸው ይነግሩልኛል ብዬ...» ስትል አቋረጧት።

«እኔ? ደጁ ሄጄ ‹ሌባ አይደለሁም› ልበለው? አይደረግም። አንቺ የጠመጠምሽውን አንቺው ፍቺው።»

ከዚያው አድራሻውን ጠይቃ ወደ ባለ ታክሲው ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት ሚስታቸው ናቸው፤ የመካኒኩ እህት። ወንድምና እህት አንድ ዓይነት ግንባር አላቸው። ባለ ታክሲው ሲያዩዋት ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። «ይቺ ናት የነገርኩሽ! ግቢ፣ ግቢ ልጄ!»

እሷ ግን ደፉ ላይ እንደቆመች ተናገረች። ሁለተኛ ጊዜ ስትናገረው ይቀላል ብላ ነበር፤ ባሰ። ሽማግሌው እየሰሙ ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ተራገፈ።

«አይ» አሉ በመጨረሻ። «ማሽን አይዋሽም ብለሽኛል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ማሽኑ አልዋሸም ጋሼ። ማሽኑ የሰጠሁትን ነው ያነበበው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሌላው ጋራዥ ካንዴላ ቀይሮ እንዴት አለፈች?»

«ሳይቀየርም ታልፍ ነበር።»

ሚስታቸው ጓዳ ገብተው ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አንስተው፣ በሁለቱ መሀል አልፈው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም።

ባለ ታክሲው ተቀመጡ። «በሠራተኞቹ ፊት ነው እኮ» አሉ ለራሳቸው። «ሰባት ሰው ቆሞ ነበር።» ያኔ እፍረቱ ከእሷ ወደ እሳቸው ሲሻገር አየችው፤ ከእሷ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ቆይተው ያንን የወደቁበትን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። «ጻፊልኝ» አሉ። «ለእሱ በአፌ መናገር አልችልም። ጀርባው ላይ በእጅሽ ጻፊልኝ።»

ጻፈች፦ «በዚች መኪና ላይ የተገኘ ጉድለት የለም። ጥገናው በሚገባ ተሠርቷል። ጉድለቱ የመርማሪዋ ነው።» ስሟንም ስልክ ቁጥሯንም ፊርማዋንም አኖረች።

ሰኞ ለአለቃዋ ስትነግር ሰውዬው በሩን ዘጋ። «ማን ጠየቀሽ? ካለፈ በኋላ?» አላት። መዝገብ ላይ ይስፈርልኝ ብላ ድርቅ አለች። ሰፈረ። ለሁለት ወር ከጭሱ መስመር ወርዳ ወረቀት ስትደረድር ከረመች፤ የሥራ ባልደረቦቿም አንዳንዶቹ ሰላምታ አሳጠሩባት፣ ለካ ቱቦ ሳትነፋ ያለፈችው እሷ ብቻ አልነበረችም። አልከፋትም ማለት ውሸት ነው። ግን ቅጣቱ ካፈረችው እፍረት ጋር ሲተያይ ኢምንት ሆነባት።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት የባለ ታክሲው ሚስት ስልክ ደወሉላት። ቁጥሯን ያገኙት ከዚያው ከጻፈችው ወረቀት ሥር ነበር።

«እንደምን አለሽ ልጄ? እንዲያው እንድታውቂው ብዬ ነው። ታርቀዋል። መኪናዋም ወንድሜ ጋ ተመልሳለች፣ የጭስ ሥራም ጀምሯል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን እማማ። በጣም ደስ አለኝ።»

«አዎ...» አሉ። «ድሮ ሲገናኙ ይሰዳደቡ ነበር፤ ‹አንተ አህያ›፣ ‹አንተ ዝገት› እየተባባሉ ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት። አሁን ‹እንደምን ዋሉ›፣ ‹ይቅደሙ›፣ ‹ምንም አይደል› ይባባላሉ። መከባበር ጀምረዋል። እሱ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች። ሴትዮዋም አልዘጉት።